ለሐረጎ የሚሆን

ቁጭ በል ኑርዬ፣ እዚያ ጎማው ላይ፤ ወንበር የለኝም።
ብረቱን በእጅህ ሳትዳስስ ብርህን አልቀበልም።

ይኸው አሮጌው ካምሻፍት፣ ትናንት ማታ የመዘዝኩት፣
በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ጆንያ ላይ ያስተኛሁት።
አሥራ ሁለት ጉብታ አለው፤ ባውራ ጣትህ ተራመድበት፤
አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቁም። እንቁላል መሆን ነበረበት፤
ክብ ሆኗል፤ ሟሙቷል፣ ዝናብ እንዳገኘው አሞሌ፤
ለዚህ ነው ግማሽ ዳገት ላይ የሚከዳህ የሞተሩ ቆሌ።
ዘይቱን ባልዲ ውስጥ ቀድቼ ፀሐይ ላይ ባየው
እንደ ብር ያበራል፤ የገዛ ሥጋውን ነው የበላው።

ወንድምህ ጀውሃር፣ አላህ ይዘንለትና፣
ጠዋት ሳይሞቅ ያስጮኸው ነበር፣ ዘይቱ ሳይወጣ ገና።
ብረቱ ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። ለሰው አላወራም።
ጉበቱ ነው የገደለው ይላሉ፤ እኔ ጥድፊያውን እንጂ ሌላ አላውቅም።

አሁን ወደ ምርጫው።
አንደኛው፣ ይኸንኑ ደሴ ልውሰደው፣ ቶርኖ ቤት፤
በብየዳ ይሞላ፣ ይሞረድ፣ ይመለስ በነበረበት።
ዓመት ይሄዳል፣ ሁለትም ይሞክር፤ ከዚያ ወዲያ
ያው አንተ፣ ያው እኔ፣ ያው ጎማ፣ ያው ጆንያ።

ሁለተኛው፣ የሙህዬ ልጅ ከመርካቶ ያመጣው፣
ከነላስቲኩ ነው፤ አልዋሽህም፣ እጄን ያልበዋል ሳነሳው።
ባለ ሮለር ነው፤ ጉብታው እንደ ግመል ሻኛ ሽቅብ ያለ፤
ቫልቩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤
ከሚሌ ወዲያ ሜዳው ላይ የሚቀድምህ የለ።
ግን ሐረጎን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ማዳበሪያ ሞልተህ ስትወጣ፣
ከፊትህ ባጃጅ፣ ከጎንህ ገደል፣ ጉሙ ከጦሳ ሲመጣ፣
ዙሩ ሲወርድ ትንፋሽ ያጥረዋል።
ሙሽራ ነው፤ ጭፈራ እንጂ ሸክም መቼ ያውቃል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው እሱን መሳይ ገጥሜለታለሁ።
ስሙን አልጠራም። ድምፁ ደስ ብሎኝ፣ በር ላይ ቆሜ አዳምጫለሁ።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጠፋበት፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ…
ነጂው ተረፈ። ረዳቱ አራጋው አራብ ገንዳ ሎተሪ ያዞራል፣
በአንድ እግሩ።
ሳልገዛው አላልፍም። አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ይኼ ነው፣ በሲሚንቶ ወረቀት የጠቀለልኩት፣
ባቲ መውረጃ ላይ ከተገለበጠ መኪና በእጄ የፈታሁት።
ይኼም ባለ ሮለር ነው፤ ግን ጉብታው ዝግ ያለ፣ ቦርከና እንዳለሰለሰው ድንጋይ።
ከታፔቱ ጫፍ ይቺን መንኮራኩር በጥፍርህ ግፋት፤ ድምፅ ሰማህ ወይ?
እዚያ ብረት ብረትን ይፍቅ ነበር፤ እዚህ ይሽከረከራል፤
ገና ከታችኛው ዙር፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያቃስት ይጎትታል።
ከነስፕሪንጉ፣ ከነፑሽሮዱ፣ ከሁለት ሰንጋ ይበልጣል ዋጋው።
ማን ሲነዳው እንደኖረ አላውቅም። ሁለት ሌሊት በማይክሮሜትር ለካሁት፤
ዘጠነኛው ላይ ከፀጉር የቀጠነች ጭረት አለች። እሷንም ዕወቃት፤ ኋላ አልተነገረኝም እንዳትለው።

ሰምና ወርቅ አትፈልግብኝ፤ ይኼ ዘይት ነው፣ ይኼ ብረት።
ለትዕግሥት ትምህርት መስጊዱም አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ፤
እኔ የማውቀው ዳገት።

እጅህ ግን ወደ ሙሽራው ሄደ። አይቻለሁ።
ጀውሃርም እንዲሁ ነበር፣ ላስቲክ ያልተቀደደለት ነገር ሲያይ።

ዛሬ አልገጥምም። ሞተሩ ሸራ ለብሶ ይደር።
ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ና፤ ሐረጎን በእግር እንውጣው፣
ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ተራ በተራ ተሸክመን።
አናቱ ላይ ስንደርስ፣ መናገር ከቻልክ፣ የቱን እንደመረጥክ ንገረኝ።
ደህና ጫማ አድርገህ ና፤
በነጠላ ጫማ መጥተህ እንዳታስቀኝ።